ከጎጃም ወደ ቱባ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሙስሊም ተማሪ ዝርዝር መመሪያ

ወደ ሴኔጋሏ ቱባ ሄደው የተመለሱ ልጆቻችንን አግኝቼ አነጋግሬያለሁ። ሦስት ሳምንት ሊቀመጡ ሄደው በአራተኛው ቀን ዳካር ሆቴል የገቡ አሉ። ፓስፖርታቸው የተሟላ ነበር፤ ገንዘብም አላጠራቸውም፤ ቁርኣኑንም ከብዙዎቻችን በተሻለ ቀርተዋል። የጎደላቸው ሰው ነበር።

ቱባ ከዳካር በስተምሥራቅ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የሙሪድ ጠሪቃ (የሱፊ መንገድ) ከተማ ናት። እዚያ እንግዳ በራሱ ስም አይጠራም፤ የእገሌ እንግዳ ነው። ጥፋቱ በአስተናጋጁ ላይ ይጻፋል፤ አደቡም ለአስተናጋጁ ይቆጠራል። ጎጃም ያደገ ልጅ ይህን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል፤ እኛ ቤት ያደረ እንግዳ ገበያ ወጥቶ ቢጣላ የምንወቀሰው እኛ ነን። ችግሩ ይህን ዕውቀት ጎጃም ትተነው መሄዳችን ነው።

መመሪያው ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት ቆይታ የተዘጋጀ ነው። ቅደም ተከተሉን አትለውጥ። በተለይ ደረጃ 1 ሳይጠናቀቅ ለቲኬት ገንዘብ አትክፈል።

ደረጃ 1፦ ሰው ያዝ (ከጉዞው 5 ወር በፊት)

1. ከኡስታዝህ ጀምር። በመዲና፣ በካይሮ ወይም በካርቱም የተማሩ ኢትዮጵያውያን ከሴኔጋል ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተቀምጠዋል። «ከአንተ ጋር የቀራ ሴኔጋላዊ ታውቃለህ?» ብለህ ጠይቅ። አንድ ሰው ሌላውን ያገናኛል፤ ከሦስተኛው በኋላ ቱባ ትደርሳለህ።

2. ደብዳቤ ጻፍ፤ በዐረብኛ፣ ከአንድ ገጽ ሳይበልጥ። የሴኔጋል የመንግሥት ቋንቋ ፈረንሳይኛ፣ የቤቱ ወሎፍኛ ቢሆንም የቱባ ዑለማ ዐረብኛን አሳምረው ይጽፋሉ። በደብዳቤው ውስጥ ስምህን ከነአባትህና ከነአያትህ፣ አገርህን፣ ከማን እንደቀራህ፣ ለምን እንደምትመጣ፣ ስንት ቀን እንደምትቆይ አስፍር። ገንዘብ አትጠይቅ። «ማንኛውንም አገልግሎት ለመሥራት ዝግጁ ነኝ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ግን አትርሳ፤ የሙሪዶች መንገድ ሥራንና ኺድማን ከፍ አድርጎ የሚያይ ነውና ይህ ቃል በር ይከፍታል።

3. ደብዳቤውን ኡስታዝህ ይፈርሙበት። ከተቻለ የአካባቢህ መጅሊስ ማኅተም ይረፍበት።

4. መልስ ሲመጣ በስልክ አነጋግርና ሦስት ነገር አረጋግጥ፦ የማድረው በማን ቤት ነው? የሚቀበለኝ ማን ነው? ቤተሰቡ የሚከተለው የትኛውን ሼኽ ነው? ሦስተኛው ጥያቄ ትንሽ ይመስላል። ከተማው ግን በሼኾች ቤት የተከፋፈለ ነው፤ ማን ጋር እንዳረፍክ ካላወቅህ መንገድ ላይ ስትጠየቅ አፍህ ይያዛል።

ማስጠንቀቂያ። በማኅበራዊ ሚዲያ አግኝቶህ «የመመዝገቢያ ላክ» የሚልህን ሰው ተወው። እውነተኛ አስተናጋጅ እንግዳውን አያስከፍልም።

መልሱ «ዝም ብለህ ና» ብቻ ከሆነ አትነሣ። ያ ሰላምታ ነው እንጂ ግብዣ አይደለም። ስድስት ሳምንት ጠብቀህ ድምፅ ካጣህ ያንኑ ደብዳቤ አትድገመው፤ ያገናኘህን ሰው መልሰህ ያዘው። እርሱም ካልቻለ ጉዞውን ወደሚቀጥለው እረፍት አሸጋግር። ከባድ ምክር እንደሆነ ዐውቃለሁ፤ ግን ያለ ሰው የሄዱትን አይቻለሁ።

ደረጃ 2፦ ጊዜውን ምረጥ

ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ደረቅና ቀለል ያለ ነው። ከመጋቢት በኋላ ሙቀቱ ይበረታል። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ለኖረ ሰው የሳሕል ፀሐይ ቀልድ አይደለም።

ሰፈር የተባለው የሂጅራ ወር በገባ በ18ኛው ቀን የሚከበረውን ታላቁን መገል ለመጀመሪያ ጉዞህ አትምረጠው። በዓሉ የጠሪቃው መሥራች ሼኽ አህመዱ ባምባ በ1895 ወደ ጋቦን በስደት የተወሰዱበት ዕለት መታሰቢያ ነው፤ ከተማው ሚሊዮኖችን ያስተናግዳል፤ አስተናጋጅህም በመቶ እንግዳ መካከል ይከፋፈላል። መማር ከፈለግህ ከበዓሉ ርቀህ ሂድ።

ቀን ስትጽፍ ሁልጊዜ በሁለቱም አቆጣጠር ጻፍ። «ጥር 5» ያልኸውን እነርሱ ጃንዋሪ 5 ብለው ይይዙታል፤ ጃንዋሪ 13 ማለትህ እንደሆነ ማንም አይነግራቸውም። ሰዓቱም እንዲሁ። ሴኔጋል ከእኛ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ ሰዓቷንም እንደ ፈረንጅ ትቆጥራለች። «ከጠዋቱ 10 ሰዓት እደውላለሁ» ካሉህ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። በወረቀት ጽፈህ ግድግዳ ላይ ለጥፈው።

ደረጃ 3፦ ወረቀትህን አስተካክል (3 ወር በፊት)

ብዙ ሰው የሚወድቀው በስም አጻጻፍ ነው። «ሙሐመድ» በልደት ምስክር ወረቀት አንድ ዓይነት፣ በትምህርት ማስረጃ ሌላ፣ በፓስፖርት ሦስተኛ ሆኖ በላቲን ፊደል ይጻፋል። ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ ዘርግተህ ፊደል በፊደል አመሳክር። መለኪያህ ፓስፖርቱ ነው። የሚለይ ካለ የሰጠህ ተቋም ዘንድ ሄደህ አሁን አስተካክል፤ ሳይቃጠል በቅጠል።

ቀጥሎ፦

- ፓስፖርትህ ከመመለሻ ቀንህ በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል ይሁን።
- ከትምህርት ቤትህ ወይም ከዩኒቨርሲቲህ ተማሪ መሆንህንና የምትመለስበትን ቀን የሚገልጽ ደብዳቤ አውጣ።
- የግብዣውን ደብዳቤ አስተናጋጅህ በፈረንሳይኛም እንዲልክልህ ጠይቅ። ዐረብኛው ለሼኹ፣ ፈረንሳይኛው ለጠረፍ ሠራተኛው ነው።
- የቪዛውን ሁኔታ አዲስ አበባ ከሚገኘው የሴኔጋል ኤምባሲ ራስህ አረጋግጥ። የጓደኛ ወሬ ይዘህ አትሂድ፤ ደንቡ ይለዋወጣል።

ሁሉንም በሦስት ቅጂ አሳትም። አንዱ በእጅ ቦርሳህ፣ አንዱ በሻንጣህ፣ አንዱ እናትህ ዘንድ ይቀመጥ። ስልክ ላይ አለ ብለህ አትተማመን፤ ኔትወርክ በጠፋ ቀን ከእጅህ ያለው ወረቀት ብቻ ነው። ጎጃም ለሚኖር ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ደረጃ 4፦ ጤናህ

የቢጫ ወባ ክትባት ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድመህ ተከተብ። ቢጫዋን ካርድ ከፓስፖርትህ ጋር አስረህ ያዛት።

ስለ ወባ ሐኪም አነጋግር። ደጋ ያደገ ሰው ወባን የቆላ በሽታ ብሎ ይንቃል፤ ሴኔጋል ውስጥ የሚያዘወትረው ዓይነት ግን በቶሎ ካልታከመ የሚገድል ነው። መከላከያ መድኃኒት ከታዘዘልህ ከመነሣትህ በፊት ጀምረህ ከተመለስህም በኋላ እስከተባለው ቀን ድረስ ሳታቋርጥ ዋጠው። ከተመለስህ በኋላ በቀጣዮቹ ሳምንታት ትኩሳት ከያዘህ ጤና ጣቢያ ገብተህ መጀመሪያ የምትናገረው «ሴኔጋል ነበርሁ» የሚለውን ይሁን።

ደረጃ 5፦ ሻንጣና ገንዘብ

ሁለት ስስ ጀለቢያ፣ ሰፊ ሱሪ፣ ኮፊያ፣ የጥጥ ነጠላ፣ በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ። ቁምጣ ቤት ይቅር። በሶና ቆሎ ያዝ፤ ሆድህ አዲሱን ምግብ እስኪለምድ ሁለት ቀን ይደግፉሃል።

ጫት አትያዝ። ለዱዓም ይሁን ለመንገድ፣ በቅጠልም ይሁን በደረቁ፣ አትያዝ። በብዙ አገር ጉምሩክ እንደ አደንዛዥ ዕፅ ይቆጠራል፤ አንተ ብትያዝ የሚፈረደው በአስተናጋጅህ ስም ላይ ነው። ሲጋራም እንዲሁ፤ ቱባ ውስጥ ትንባሆም አልኮልም ክልክል ነው።

ገንዘብህን በዩሮ ለመያዝ ሞክር። የሴኔጋል ፍራንክ ከዩሮ ጋር በቋሚ ተመን የታሰረ ነው፤ 1 ዩሮ 655.957 ፍራንክ ነው። ተመኑን ካወቅህ ገንዘብ ለዋጭ አያታልልህም። የውጭ ምንዛሪውን ቲኬትህንና ቪዛህን ይዘህ ከባንክ ጠይቅ፤ ደረሰኙንም ጠብቅ።

ደረጃ 6፦ ከጎጃም ውጣ

ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በደህናው ቀን ከደጀን ወርደህ የዓባይን በረሃ አቋርጠህ ጎሐ ጽዮን ትወጣለህ፤ በዚያው ቀን አዲስ አበባ ታድራለህ። መንገድ ሲዘጋ ግን ሁለት ቀንም ሦስት ቀንም ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ በረራህ ሊደርስ ቢያንስ አራት ቀን ሲቀረው አዲስ አበባ ግባ። ከባሕር ዳር የምትነሣ ከሆነ በአውሮፕላን የመውጣቱን አማራጭም አስላ፤ ያለፈ ዓለም አቀፍ በረራ ከአገር ውስጡ ቲኬት ይበልጥ ያከስራል።

በመንገድ መዘጋት በረራው ሊያልፍህ ከሆነ ቲኬቱን ለሸጠልህ ቢሮ የምትደውለው በረራው ከመነሣቱ በፊት ነው፤ ካለፈ በኋላ መቀየር ይከብዳል። ወዲያው ለአስተናጋጅህም ንገር። አንድ የቢቸና ልጅ ቀኑን ሳያሳውቅ በሁለት ቀን ዘገየ። የሚቀበሉት ሰዎች በመጀመሪያው ሌሊት እስከ ሱብሒ አውሮፕላን ማረፊያ ጠብቀው ተመልሰው ነበር። ሲደርስ ማንም አልተቆጣውም፤ ግን የሁለት ሳምንት ቆይታው በይቅርታ አለቀ።

ደረጃ 7፦ ከአውሮፕላን ማረፊያ እስከ ደጃፍ

የብሌዝ ዲያኝ አውሮፕላን ማረፊያ ዳካር ውስጥ አይደለም፤ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ዲያስ ላይ ነው። ቱባ ለመድረስ ዳካር መግባት ግዴታ አይሆንም፤ ከቲየስ ቱባ የሚወስድ የፍጥነት መንገድ አለ። የሚቀበልህ ሰው በየት በኩል እንደሚወስድህ አስቀድመህ ጠይቅ።

የሚቀበልህ ካልመጣ እንዲህ አድርግ፦

1. ከሕንፃው አትውጣ። ሁለት ሰዓት ጠብቅ።
2. የአገሩን ሲም ካርድ ገዝተህ ደውል። ቁጥሩን በ+221 ጀምር።
3. ካልተነሣ ሁለተኛውን ቁጥር ሞክር። (ሁለተኛ ቁጥር ሳትይዝ አልመጣህም።)
4. ሌሊት ከሆነ እዚያው አቅራቢያ እደር። በሌሊት ብቻህን ቱባ አትግባ፤ ቤቱን የሚያሳይህ አታገኝም። ከተማዋ ሆቴል የሚገኝባት አይደለችም፤ አልጋ ከተቸገርህ የቅርቧ ከተማ ምባኬ ናት።

ደረጃ 8፦ የመጀመሪያው ምሽት

ደጃፉ ላይ «አሰላሙ አለይኩም» በል፤ ጫማህን አውልቅ፤ ከዚያ ዝም በል። ጎጃም ውስጥ ሰላምታው ከብቱን፣ ዝናቡንና ሰብሉን አዳርሶ እንደሚያልቀው ሁሉ እዚያም ይረዝማል፤ አታቋርጠው። «ና ንጋ ደፍ?» ሲሉህ «ማ ንጊ ፊ ሬክ» በል፤ ደህና ነኝ፣ አለሁ ማለት ነው። ምስጋናው «ጀረጀፍ» ነው። በእነዚህ ሦስት ቃላት አንድ ሳምንት ትኖራለህ።

ሙሪዶች ሲጨባበጡ የሌላውን እጅ ወደ ግንባራቸው የሚያስጠጉበት ልማድ አላቸው። ሲያደርጉልህ እጅህን አትንጠቅ። አንተም ታደርግ ዘንድ አትገደድም፤ እጅህን በደረትህ ላይ ማድረግ ይበቃል። ሴት ልጅ እጇን ካልዘረጋች አትዘርጋ።

ለሁለት ጥያቄ መልስ አዘጋጅተህ ሂድ። የመጀመሪያው «ሼኽህ ማን ነው?» የሚለው ነው። ድንጋጤ አይግባህ፤ የኛ አባቶች «ከማን ቀራህ?» ብለው የሚጠይቁት ዓይነት ነው። የኡስታዝህን ስምና የመንደርህን ስም ተናገር። «ሼኽ የለኝም» የሚል መልስ እነርሱ ዘንድ «አሳዳጊ የለኝም» ከማለት አይለይም። ሁለተኛው ስለ ሐበሻ ነው፤ ስለ ቢላልና ስለ ነጃሺ ይጠይቁሃል። በደስታ ንገራቸው፤ አታጋንን።

ደረጃ 9፦ መስጂድ ውስጥ

በዚህ ደረጃ ብዙ እቆያለሁ፤ ጉዞ የሚበላሸው እዚህ ነውና።

እኛ ያደግነው በሻፊዒ ወይም በሐነፊ መዝሐብ ነው። ሴኔጋል ማሊኪ ናት። ብዙዎቹ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አያጣጥፉም፤ ወደ ጎን ይለቁታል። ፋቲሓን ያለ ቢስሚላህ ሊጀምሩ ይችላሉ። ኢማሙ በአንድ ሰላምታ ብቻ ሊያሰናብት ይችላል። የሱብሒ ቁኑት ከሩኩዕ በፊት በዝግታ ይባላል። ይህ ሁሉ ኢማም ማሊክን የተከተሉ ዑለማ የጻፉት ነው፤ ስሕተት አይደለም። አንተ በለመድኸው መንገድ ስገድ፤ ማንም አይነካህም። እነርሱንም አትንካ።

ቂብላው ራሱ ያደናግርሃል። ጎጃም ላይ መካ በስተሰሜን ናት፤ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ዘንበል ትላለች። እዚያ ደግሞ በስተምሥራቅ ናት፤ ጥቂት ወደ ሰሜን ታደላለች። ክፍልህ ውስጥ በልማድ አትስገድ፤ ጠይቅ።

የቁርኣን አቀራሩ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ አደገኛ ነው። እኛ የምንቀራው በሐፍስ ዘገባ ነው፤ እነርሱ በወርሽ። እኔ ራሴ በመጀመሪያው መግሪብ ኢማሙ «መሊኪ የውሚዲን» ብለው ሲቀሩ ከኋላ ሆኜ «ማሊኪ» ብዬ አረምሁ። ድምፄ ከመስጂዱ ዝምታ በላይ ወጣ። አጠገቤ የቆሙ ሽማግሌ ምንም አላሉም። ከሶላት በኋላ አስተናጋጄ እጄን ይዞ ከመደርደሪያው ሙስሐፍ አወረደና ከፈተልኝ። በጣቱ ያሳየኝ ቃሉን ሳይሆን ፊደሉን ነበር፤ የ«ፋ» ነጥብ ከሥር፣ የ«ቃፍ» ነጥብ ደግሞ አንዲት ብቻ ከላይ። ለካ ፊደሉንም እንኳ በወጉ አላውቀውም ነበር። «መሊኪ»ም «ማሊኪ»ም ከነቢዩ ﷺ የተላለፉ ቂራኣቶች ናቸው። «ዩእሚኑን» የምንለውን እነርሱ «ዩሚኑን» ይላሉ። ከመሄድህ በፊት አንድ ጁዝ በወርሽ አዳምጥ፤ ከዚህ ኀፍረት ትድናለህ።

ታላቁ መስጂድ ውስጥ የሼኽ አህመዱ ባምባ መቃብር አለ፤ ሰዎች በሰልፍ ይዘይሩታል። ኅሊናህ የሚፈቅድልህን ብቻ አድርግ። ካልፈቀደ ከሰልፉ ውጣና ቆመህ በሱና የመጣውን የመቃብር ሰላምታ በል፤ ለሙታን ዱዓ አድርግ፤ ውጣ። ደጃፉ ላይ ቆሞ መከራከር ግን የእንግዳ ሥራ አይደለም። ሼኹ በ1913 የተነሡትን ፎቶ በየግድግዳው፣ በየአውቶቡሱ ተሥሎ ታያለህ፤ በዚህም ላይ አስተያየት እንድትሰጥ የጋበዘህ የለም። ረጅም ጠጉርና ቡትቶ በቡትቶ የተጣፈ ልብስ ያላቸውን ባይ ፋል የሚባሉትንም ታገኛለህ፤ መንገዳቸው ጉልበትና አገልግሎት ነው። ጥያቄ ካለህ ማታ ቤት ውስጥ አስተናጋጅህን ለብቻው ጠይቅ።

የሼኹ የዐረብኛ ግጥሞች፣ እነርሱ ኻሲዳ የሚሏቸው፣ ሌሊቱን በዜማ ይባላሉ። መንዙማ የሰማ ጆሮ ቶሎ ይለምዳቸዋል። ግን አታጨብጭብ፤ ስልክህንም አውጥተህ አትቅረፅ። ፎቶ ካስፈለገህ ፈቃድ ጠይቅ፤ ሴቶችንና የሚሰግዱ ሰዎችን ጨርሶ አታንሣ።

ደረጃ 10፦ ማዕድና ሻይ

ምንጣፍ ላይ አንድ ትልቅ ሳሕን ይቀርባል። ሩዝ ነው፤ መካከሉ ላይ ዓሣ ወይም ሥጋ፣ ካሮትና ጥቅል ጎመን ተደርድሯል። እጅህን ታጠብ፤ ጫማህን ከምንጣፉ ጠርዝ ውጭ ተው፤ ቢስሚላህ በል፤ በቀኝ እጅህ ከፊትህ ካለው ብቻ ብላ። መካከሉ ያንተ አይደለም። የቤቱ እመቤት ወይም ታላቁ ሰው ዓሣውን በጣት እየፈለፈሉ ወደ እያንዳንዱ ሰው ፊት ይገፉታል፤ ለእንግዳ ጥሩው ይደርሰዋል፤ ጠብቅ። እኛ ወጡ ያለበት ቦታ ድረስ እጃችንን እንሰድዳለን፤ እዚያ ይህ ስስት ነው። ጉርሻም አትስጥ። ስትጠግብ «ሱር ና፣ አልሐምዱሊላህ» ብለህ ተነሣ፤ ሌሎቹ እስኪጨርሱ መጠበቅ አይጠበቅብህም።

ፈጽሞ የማይጠየቅ ጥያቄ፦ «ማን ያረደው ነው?» ጎጃም ውስጥ የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ሥጋ ተለይቶ ስለሚታረድ ይህን መጠየቅ ለእኛ እንደ ሰላምታ ነው፤ ማንም አይቀየምም። ቱባ ላይ ግን «እስልምናህን አላመንሁትም» ማለት ነው። አንድ ልጅ በፈረንሳይኛ አስተርጉሞ ሲጠይቅ ሴትየዋ ሳሕኑን አንሥታ ወጣች፤ በዚያ ቀን ቤቱ ውስጥ ማንም ምሳ አልበላም።

ከምግብ በኋላ አታያ የሚሉት ሻይ ይመጣል፤ በሦስት ዙር። አቦል፣ ቶና፣ በረካ በል፤ ነገሩ ያው ነው። የመጀመሪያው መራራ፣ የመጨረሻው ጣፋጭ ነው። ከሦስተኛው በፊት አትነሣ። ለመማር የሄድኸው ነገር ብዙው የሚነገረው በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ነው።

ደረጃ 11፦ ለእኅቶች

እኅቴ፣ ሱሪ ተዪው፤ ረጅም ቀሚስና ጠጉርን የሚሸፍን ሻሽ ለመስጂዱ ብቻ ሳይሆን ለመንገዱም ነው። ጥቁር ጅልባብ በዚያ ሙቀት ያዝልሻል፤ ስስ ነጭ ጥጥ ይሻላል። የምታርፊው ሴቶች ባሉበት ቤተሰብ ቤት መሆኑን ከእመቤቲቱ ጋር ራስሽ በስልክ ተነጋግረሽ አረጋግጪ፤ በወንድ መልእክተኛ ብቻ አትጨርሺ። ሶኽና ብለሽ ጥሪያት፤ የክብር መጠሪያ ነው። ስለ መሕረም ከኡስታዝሽና ከቤተሰብሽ ጋር ከደረጃ 1 በፊት ተስማሚ።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ወደ ማዕድ ቤቱ ግቢ። እንግዳ ነሽ ብለው ቢያስወጡሽ ሽንኩርት ለመላጥ ለምኚ። ሳሎን የተቀመጠች እንግዳ እስከ መጨረሻው እንግዳ ናት።

ደረጃ 12፦ ስጦታ

ሙሪዶች ለሼኻቸው የሚሰጡት አዲያ የሚባል ስጦታ አለ። ተማሪ ነህ፤ ከአቅምህ በላይ አትስጥ፤ ተበድረህም አትስጥ። የምትሰጠውን አስተናጋጅህን አማክረህ በእርሱ በኩል አቅርብ። ከአገር ቤት የምትይዘው የተቆላና በደንብ የታሸገ ቡና ይሁን። እነርሱም የራሳቸው የቱባ ቡና አላቸው፤ በርበሬ በሚመስል ቅመም የተቆላ፣ ጉሮሮ የሚያሞቅ። ቡናህን ለእመቤቲቱ ስጥና አፍልተህ አቅርብላቸው፤ ንግግሩ በራሱ ይመጣል። ቅቤና ሥጋ አትያዝ።

ኸሊፋውን፣ የሙሪዶችን የበላይ መሪ፣ ለማግኘት ሙጭጭ አትበል። ዕድሉ ከመጣ አስተናጋጅህ ይወስድሃል፤ ካልመጣ ዝምታህ ይመሰገንልሃል።

ነገር ከተበላሸ

*ኢማሙን አርመህ፣ ወይም ስለ ዚያራ ተከራክረህ ከሆነ።* ወደ ኢማሙ በቀጥታ አትሂድ። ጎጃም ውስጥ የበደለ ሰው ምን ያደርጋል? ሽማግሌ ይልካል። አስተናጋጅህ ሽማግሌህ ነው። «አጠፋሁ፣ ውሰደኝ» በለው። ከኋላው ተከትለህ ሂድ፤ እርሱ ይናገር፤ አንተ አንገትህን ድፋ። በዚያው ቀን ሳይመሽ አድርገው፤ ባደረ ቁጥር ይከብዳል።

*ገንዘብ ከተጠየቅህ።* መንገድ ላይ ሳሕን ይዘው የሚለምኑ ልጆች ታገኛለህ። ሳንቲም ልትሰጥ ከወደድህ ስጥ፤ ካልወደድህ በትሕትና እለፍ። አንድ ትልቅ ሰው ግን «ለሼኹ» ብሎ ብዙ ከጠየቀህ «አስተናጋጄን ልጠይቅ» በል። እውነተኛ ከሆነ ይጠብቃል።

*ከታመምህ።* ለአስተናጋጅህ በመጀመሪያው ሰዓት ንገር። ላለማስቸገር ብሎ ትኩሳትን መደበቅ ይሉኝታ አይደለም፤ ወባ ከሆነ ሁለት ቀን ብዙ ነው።

*ብቸኝነት ከበረታብህ።* በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን ይመጣል፤ ቋንቋው ደክሞህ፣ ሩዙ ሰልችቶህ፣ ቤት ትዝ ብሎህ። ክፍል ዘግተህ አትተኛ። ግቢውን ጥረግ፤ ውሃ ቅዳ፤ ልጆቹ የእንጨት ሰሌዳቸውን ይዘው ከሚቀሩበት ዳራ ሄደህ ከኋላ ተቀመጥ። የእንጨቱን ሰሌዳ ስታይ የአያትህን ሉሕ ታስታውሳለህ።

ደረጃ 13፦ መሰናበቻ

ከመነሣትህ ሁለት ቀን ቀድመህ ንገር፤ ድንገት ሻንጣ ይዘህ አትውጣ። የተኛህበትን ክፍል ራስህ አጽዳ። ታላላቆቹን በየተራ ዞረህ ዱዓ አስደርግ፤ መጀመሪያ አሮጊቷን፣ ቀጥሎ የቤቱን ጌታ። የእነርሱን ስልክ ብቻ ሳይሆን የአንተንም አድራሻ በዐረብኛ ጽፈህ ተውላቸው። አዲስ አበባ ስትደርስ ዕለቱን ደውል፤ በእነርሱ ሰዓት እንጂ በአንተ አይሁን።

በመጨረሻ ደጃፉ ላይ አስተናጋጅህ ግራ እጁን ሊዘረጋልህ ይችላል። ትደነግጣለህ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ በቀኝህ በልተህ፣ በቀኝህ ሰጥተህ፣ በቀኝህ ተቀብለህ ቆይተህ አሁን ግራ? ቀኝህን አትዘርጋ። ግራህን ስጠው። ረጅም መንገድ የሚሄድን ሰው በግራ መሰናበት የአገሩ ልማድ ነው፤ ይህን ስሕተት ለማረም እንደገና መገናኘት አለብን ማለት ነው።